ፖርቲናሪ የማን ሠዓሊ ነበር?

የዓለም የቡና ዋጋ በ1929 ሲንኮታኮት የብራዚል መንግሥት ያገኘው መላ እሳት ነበር። ከ1931 እስከ 1944 ድረስ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 78 ሚሊዮን ጆንያ ገደማ ቡና ወደመ፤ አብዛኛው ተቃጠለ፣ ከፊሉም ባሕር ውስጥ ተደፋ። ገበያው ላይ ያለው ቡና ሲያንስ ዋጋው ያንሰራራል ተብሎ ነው። ብራዚላዊው ሠዓሊ ካንዲዶ ፖርቲናሪ «ቡና» የተባለውን ሥዕሉን የሠራው በ1935፣ ማቃጠሉ በተጧጧፈበት ሰዓት ነው። ሸራው ላይ ግን ጭስ የለም። ቀይ አፈር አለ፣ በረድፍ የተተከለ ቡና አለ፣ ጆንያ የተሸከሙና ፊታቸው በጭነቱ የተጋረደ ጡንቸኛ ሠራተኞች አሉ። እግሮቻቸውና እጆቻቸው ከሰውነታቸው ጋር አይመጣጠኑም፤ ገዝፈዋል። በግራ በኩል አንድ ተቆጣጣሪ ክንዱን ዘርግቶ ያዛል። አንዲት ሴት መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ አርፋ ይሁን ዝላ ከፊቷ አይነበብም። ሥዕሉ በዚያው ዓመት ፒትስበርግ ውስጥ በሚካሄደው የካርኔጊ ዓለም አቀፍ ዐውደ ርእይ ሁለተኛውን የክብር ምስጋና አገኘ። ዛሬ በሪዮ ዴ ጃኔሮ ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል።

ስለ ፖርቲናሪ የተጻፈው አብዛኛው ነገር፣ ከ1930ዎቹ የጋዜጣ ሂሶች አንሥቶ እስከ ቅርብ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ጥናቶች፣ በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ይሽከረከራል። ይህ ሰው የመንግሥት ሠዓሊ ነበር ወይስ የድሃው? ለመጀመሪያው መልስ የሚሟገቱት የጌቱሊዮ ቫርጋስን አምባገነን አገዛዝ፣ ሚኒስትሮቹንና ለሠዓሊው የሰጡትን ሥራ ይቆጥራሉ። ለሁለተኛው የሚሟገቱት የኮሙኒስት ፓርቲ አባልነቱን፣ በድርቅ የተፈናቀሉ ቤተሰቦችን የሳለባቸውን ሸራዎች፣ አሜሪካ መግባት መከልከሉን ያነሣሉ። ሁለቱም ወገኖች የያዙት ማስረጃ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከሥዕሉ ይልቅ መዝገብ ማገላበጥ ይቀናቸዋል። ሥዕሎቹን ተራ በተራ ለሚያይ ሰው ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ሥራ የሰጡት ሰዎች ፖርቲናሪን የተጫኑት ምን እንዲስል በማዘዝ ከሆነው በላይ ምን እንዲተው በማድረግ ነው። የተወው ነገር ደግሞ ጠፍቶ አልቀረም፤ ማንም ባላዘዘው ሌላ ሸራ ላይ ብቅ ይላል።

የተወለደው በዲሴምበር 1903 መጨረሻ፣ በሳኦ ፓውሎ ክፍለ ግዛት በብሮዶውስኪ አቅራቢያ በሚገኝ ሳንታ ሮዛ በተባለ የቡና እርሻ ላይ ነው። ብሮዶውስኪ በባቡር ሐዲድ ኩባንያ ውስጥ በሠራ ፖላንዳዊ መሐንዲስ ስም የተጠራች ትንሽ ከተማ ናት። ወላጆቹ ከሰሜን ጣሊያን፣ ከቬኔቶ የመጡ ገበሬዎች ነበሩ፤ 12 ልጆች ወልደዋል፣ ካንዲዶ ሁለተኛው ነው። ብራዚል ባርነትን በሕግ የሻረችው በ1888 ሲሆን የሳኦ ፓውሎ የቡና ከበርቴዎች በባሮቹ ፈንታ የሚሠራ ጉልበት ከአውሮፓ ለማስመጣት በመንግሥት ገንዘብ የመርከብ ዋጋ ይከፍሉ ነበር። የፖርቲናሪ ቤተሰብ የዚያ ማዕበል አካል ነው። ከኢትዮጵያ ጫካ የተነሣው የቡና ተክል በየመንና በአውሮፓ በኩል ዞሮ በ1727 ከፈረንሳይ ጉያና ወደ ብራዚል እንደተሻገረ ይነገራል፤ እዚያ የሰፋውና የበለጸገው ግን በባሪያ ጉልበት ነው። ፖርቲናሪ የሳላቸው የቡና ሠራተኞች አብዛኞቹ ጥቁሮች ናቸው፤ የራሱ አባትና እናት ደግሞ ነጭ መጤዎች ነበሩ። ሠዓሊው ከቤተሰቡ ይልቅ ቤተሰቡ የተተካበትን ሰው ለመሳል መምረጡ በዘመኑ ሂሶች ውስጥ ብዙም ቦታ አላገኘም፤ ሊያገኝ ይገባው ነበር።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቱን እንኳ በቅጡ አልጨረሰም። ቤተ ክርስቲያን ለማስጌጥ ወደ ከተማዋ የመጡ ተዘዋዋሪ ጣሊያናውያን ሠዓሊዎችን በልጅነቱ ረዳ፤ በ15 ዓመቱ ሪዮ ገባ፣ በብሔራዊው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም ተማረ። በ1928 የገጣሚውን ኦሌጋሪዮ ማሪያኖን ምስለ ገፅ ሥሎ የውጭ አገር ጉዞ ሽልማትን አሸነፈ። ያ ሥራ ጨዋ፣ የተጣራ፣ ዳኞችን የሚያስደስት ሥዕል ነው፤ ወደፊት የሚመጣውን ፖርቲናሪን ከዚያ ምስል ውስጥ ማንም ሊገምት አይችልም። ፓሪስ ላይ ሁለት ዓመት ያህል ቆየና ብዙም ሳይስል ተመለሰ። ሙዚየም ለሙዚየም ዞረ፣ የጣሊያን የጥንት ሊቃውንትን አጠና፣ ማሪያ ቪክቶሪያ ማርቲኔሊ የምትባል የ19 ዓመት ወጣት ኡራጓያዊት አግብቶ በ1931 መጀመሪያ አገሩ ገባ። የመንግሥትን ገንዘብ በልቶ ባዶ እጁን መጣ ያሉት ነበሩ። ይዞት የመጣው ግን ከሩቅ ሆኖ ብሮዶውስኪን ለመሳል የቆረጠው ውሳኔ ነው።

ውሳኔው ወዲያው ፍሬ አፈራ። በ1934 ብቻ «ድቅሉ» የተባለውን፣ የሳኦ ፓውሎ ፒናኮቴካ የገዛውንና በሕዝብ ተቋም እጅ የገባ የመጀመሪያ ሥራው የሆነውን ሥዕል፣ «የቡና ሠራተኛው»ን እና «ከቤት የተባረሩት»ን ሠራ። የብራዚልን ማኅበረሰብ የዘር ቅልቅል እንደ ሀብት ያወደሰው የዢልቤርቶ ፍሬይሬ መጽሐፍ የታተመው ከዓመት በፊት፣ በ1933 ነበር። የቫርጋስ መንግሥት ይህን ሐሳብ በኋላ ብሔራዊ መፈክር አደረገው። እንግዲህ «ድቅሉ» በዚያ መፈክር ውስጥ ተጠልፎ ሊነበብ ይችላል፤ ብዙዎችም እንዲያ አንብበውታል። ሥዕሉ ፊት የቆመ ተመልካች የሚያገኘው ግን ክንዱን አጣምሮ ወደ ፊት አፍጥጦ የሚመለከት፣ ማንንም ደስ ለማሰኘት ያልቆመ ሰው ነው። ከጀርባው የታረሰ መሬት አለ፤ የእሱ ይሁን የሌላ አይታወቅም።

ከዚህ በኋላ መንግሥት መጣ። የትምህርትና የጤና ሚኒስትሩ ጉስታቮ ካፓኔማ በሪዮ አዲስ የሚኒስቴር ሕንፃ ሊያሠራ ተነሣ። የነደፉት ሉሲዮ ኮስታ፣ ወጣቱ ኦስካር ኒማየርና ጓደኞቻቸው ሲሆኑ ዝነኛው አርክቴክት ለ ኮርቢዚዬ ራሱ በ1936 ሪዮ መጥቶ አማከራቸው። የሚኒስትሩ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ገጣሚው ካርሎስ ድሩሞንድ ዴ አንድራዴ ነበር። በቫርጋስ ሥር የተሰበሰቡት የጥበብ ሰዎች ዝርዝር ረጅም ነው፤ ያው መንግሥት በ1936 ደራሲውን ግራሲሊያኖ ራሞስን ያለ ፍርድ አስሮታል፣ በ1937 ደግሞ ምክር ቤቱን ዘግቶ «አዲሱ መንግሥት» የሚል ስም ለራሱ ሰጥቷል። ፖርቲናሪ ለዚህ ሕንፃ ከ1936 እስከ 1944 ሠራ። የፊት ለፊቱን ሰማያዊና ነጭ የሴራሚክ ንጣፍ ነደፈ፤ ዋናው ሥራ ግን የአገሪቱን የኢኮኖሚ ታሪክ የሚናገሩ 12 ፍሬስኮዎች ናቸው፤ የብራዚል ዛፍ፣ ሸንኮራ አገዳ፣ ከብት፣ ወርቅ፣ ትምባሆ፣ ጥጥ፣ ማቴ፣ ቡና፣ ካካዎ፣ ብረት፣ ጎማ፣ ካርናውባ።

ርእሶቹን ያወጣው መንግሥት ነው። ይህን የሚያነሡ ሀያስያን ሥዕሎቹ ፕሮፓጋንዳ ናቸው ወደሚል ፍርድ ቶሎ ይደርሳሉ። ሆኖም የተለመደው የፕሮፓጋንዳ ሥዕል ያለው ነገር እዚህ የለም። መሪው የለም፣ ባንዲራ የለም፣ የሚፈነድቅ ፊት የለም። ሰዎቹ ወደ ሥራቸው አቀርቅረዋል፤ እጅና ጀርባ እንጂ ፈገግታ አናይም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በ1935ቱ «ቡና» ላይ ክንዱን ዘርግቶ ሲያዝ የነበረውን ተቆጣጣሪ የመሰለ ሰው በሚኒስቴሩ ግድግዳ ላይ ቦታው ጠቧል። ሥራው እንደ ተፈጥሮ ሕግ ሆኗል፤ የሚያሠራው አይታይም፣ ደመወዝ አይታይም፣ እምቢታም አይታይም። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የባሪያ ጉልበት የተሸከመ ኢኮኖሚ በ12 ምርት ስም ተዘርዝሮ ሲያልቅ ባለቤቱ ማን እንደነበር ሳይነገር ይቀራል። ካፓኔማ ይህን ተው ብሎ ማዘዝ አላስፈለገውም፤ ርእሱ በምርት ስም መሆኑ ራሱ በቂ ነው።

በእነዚህ ዓመታት ስሙ ከአገሩ ወሰን አለፈ። በ1939 በኒው ዮርክ የዓለም ትርኢት ለብራዚል ድንኳን ሦስት ትልልቅ ሥዕሎች ሠራ፤ የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የሪዮን የኮረብታ ሰፈር የሚያሳየውን ሥዕሉን ገዛ፣ በ1940ም ለብቻው ዐውደ ርእይ አዘጋጀለት። በ1941 ዋሽንግተን ሄዶ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የሂስፓኒክ ክፍል አራት የግድግዳ ሥዕሎች ሣለ። ጊዜው የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ከላቲን አሜሪካ ጋር ወዳጅነት የሚፈልግበት ነበርና በሥራው ሁለቱ መንግሥታት ተባብረዋል። እዚህም ያንኑ ነገር እናያለን። ርእሱ የአህጉሩ ግኝት ነው፤ ፖርቲናሪ ግን ኮሎምበስን ወይም ካብራልን አልሳለም። የሳለው ገመድ የሚጎትቱ ተራ መርከበኞችን ነው። መንግሥት ከሚሰጠው ርእስ ውስጥ መንግሥቱን ማውጣት ይችልበታል፤ ማን ማንን እንደበደለ መናገር ግን ገና አልጀመረም።

በአገር ውስጥ የነበረውን ጭቅጭቅ ለመረዳት ሁለት ተጨማሪ አንድራዴዎችን ማወቅ ያስፈልጋል (ሦስቱም አይዛመዱም)። ማሪዮ ዴ አንድራዴ፣ ፖርቲናሪ በ1935 ምስሉን የሳለው ደራሲ፣ የብራዚል ዘመናዊ ሥነ ጥበብ መሠረቱን የሚያገኘው እንዲህ ያለ የእጅ ሙያ ባለው ሰው ነው ብሎ ቆሞለታል፤ የሚወድለትም ከምንም በላይ ሙያውን ነበር። ኦስዋልድ ዴ አንድራዴ ደግሞ የአደባባይ ተቃዋሚው ሆነ፤ ፖርቲናሪን ዘመናዊ ልብስ የለበሰ የድሮ ትምህርት ቤት ሠዓሊ አድርጎ ተመለከተው፣ ለመንግሥት መቅረቡንም ነቀፈ። በ1940ዎቹ «ፖርቲናሪዝም» የሚል ቃል የተፈጠረው ከዚህ ድባብ ነው፤ በአንድ ሰው ዙሪያ የተሰባሰበውን አምልኮና አስመሳይነት ለመስደብ። መጠነ ሰፊ የመንግሥት ሥራ በአንድ እጅ መከማቸቱ ሌሎችን ማስቆጣቱ አያስደንቅም። የቁጣው ከፊል ቅናት መሆኑ ነቀፌታውን ሙሉ በሙሉ ውሸት አያደርገውም።

የነገሩ ሁሉ መገናኛ 1944 ነው። በዚያ ዓመት የሚኒስቴሩ ፍሬስኮዎች እየተጠናቀቁ ነበር። በዚያው ዓመት «ተፈናቃዮች»፣ «የሞተው ልጅ» እና «ቀብር በመረብ አልጋ» ተሣሉ፤ ሦስቱም ዛሬ በሳኦ ፓውሎ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ናቸው። እነዚህ ከሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ድርቅ የሚሸሹ ቤተሰቦች ናቸው። ፖርቲናሪ እንዲህ ያሉ ሰዎች በብሮዶውስኪ በኩል ሲያልፉ በልጅነቱ አይቷል። ራሞስ ከእስር ወጥቶ በ1938 ያሳተመው ልቦለድም ስለ አንድ የድርቅ ተፈናቃይ ቤተሰብ ስለሆነ ርእሱ በጊዜው እንግዳ አልነበረም። ፖርቲናሪ ግን ወደ ርእሱ የሄደው ፒካሶ ስለ ስፔኗ ከተማ ስለ ጌርኒካ መደብደብ የሳለውን ሸራ ኒው ዮርክ ላይ ካየ በኋላ ነው። ሳኦ ፓውሎ ለሚገኘው ለቱፒ ራዲዮ በ1940ዎቹ መጀመሪያ የሠራቸው የመጽሐፍ ቅዱስ ሥዕሎች የጌርኒካ ጥላ ከሚገባው በላይ ተጭኗቸዋል፤ እንደ ልምምድ ቢታዩ ይሻላል። በ1944 ግን የተማረውን የራሱ አድርጎታል።

«ተፈናቃዮች» 190 በ180 ሳንቲ ሜትር ነው። ሕፃናትን ጨምሮ ዘጠኝ ሰዎች ፊታቸውን ወደ እኛ መልሰው ቆመዋል። ሽማግሌው በትር ይዟል፣ ዐይኑ ጎድጉዷል። አንድ ራቁቱን የቆመ ልጅ ሆዱ በበሽታ ተነፍቷል። ሰማዩን ጥቁር አሞራዎች ሞልተውታል፤ መሬቱ ላይ አጥንት ተበትኗል። ከ«ቡና» ጋር አንድ ላይ ቢሰቀል ሁሉ ነገር ግልጽ ይሆን ነበር። እነዚያው ግዙፍ እግሮች ናቸው፤ ሥጋቸው ግን አልቋል። በሚኒስቴሩ ግድግዳ ፊታቸውን የደበቁት ሠራተኞች እዚህ ፊታቸውን አዙረዋል፤ ሥራም የላቸውም፣ ምርትም የላቸውም። በዚያ ዝርዝር ውስጥ 13ኛ ርእስ ቢኖር ረሃብ ይሆን ነበር፤ ማንም ስላላዘዘው ፖርቲናሪ በገዛ ሸራው ሣለው። «የሞተው ልጅ» ላይ እንባዎቹ እንደ ጠጠር የተድበለበሉ፣ ክብደት ያላቸው ናቸው። ይህን የስሜት ብዛት የማይወዱ ሀያስያን አሉ፤ እኔም «ቀብር በመረብ አልጋ»ን አስበልጣለሁ። ሬሳ በመረብ አልጋ ተሸክመው የሚሄዱት ሁለት ሰዎችና እጆቿን ወደ ላይ የወረወረችው ሴት እንባ አያስፈልጋቸውም።

በዚያው 1944 ሦስተኛ ሥራ ነበር። የቤሎ ኦሪዞንቴ ከንቲባ ዡሴሊኖ ኩቢቼክ በፓምፑሊያ ሐይቅ ዳር ኒማየርን የቅዱስ ፍራንሲስ ቤተ ክርስቲያን አስነድፎት ነበር፤ ፖርቲናሪ የውጭውን የሴራሚክ ግድግዳና የመሠዊያውን ሥዕል ሠራ። ቅዱሱ ልብሱን አውልቆ ድህነትን ሲመርጥ ይታያል፤ ተመልካች ተኩላ በሚጠብቅበት ቦታ ውሻ አለ። የከተማው ሊቀ ጳጳስ ሕንፃውንም ሥዕሉንም አልተቀበሉትምና ቤተ ክርስቲያኑ እስከ 1959 ሳይባረክ ቆየ። ዛሬ ፓምፑሊያ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የሚያስገርመው ፖርቲናሪ በዚህ ወቅት በእግዚአብሔር መኖር የሚከራከር ሰው አለመሆኑ ነው፤ በ1941 ቤተ ክርስቲያን መሄድ ላቃታት አያቱ በብሮዶውስኪ ቤታቸው አጠገብ ትንሽ የጸሎት ቤት ሥሎላታል፤ ቅዱሳኑን በዘመዶቹና በወዳጆቹ መልክ ነው የሳላቸው። ከሥራዎቹ ሁሉ ሥራ ሰጪው ማን እንደሆነ ጥያቄ የማይነሣበት ይህ ብቻ ነው።

ቫርጋስ በኦክቶበር 1945 ከሥልጣን ወረደ። ፖርቲናሪ በዚያው ዓመት የኮሙኒስት ፓርቲ አባል ሆነ፤ ለፓርላማ ተወዳደረ፣ ተሸነፈ፤ በ1947 ለሴኔት ተወዳድሮ በጥቂት ድምፅ ተሸነፈ። ፓርቲው በ1947 ሲታገድ ወደ ኡራጓይ ሸሸ። የፓርቲ አባልነቱን የሚያጎሉ ጸሐፍት ከዚህ በኋላ የበለጠ ተቃዋሚ፣ የበለጠ ስለታም ሥራ ይጠብቃሉ። የሆነው ግን ሌላ ነው፤ ታሪክ ወደ መሳል ገባ። በ1948 ሞንቴቪዴዮ ሆኖ «በብራዚል የተደረገው የመጀመሪያው ቅዳሴ»ን ሠራ፤ ቀጥሎ በ1792 ፖርቱጋሎች ሰቅለው አካሉን የቆራረጡትን የነፃነት ሰማዕት ቲራደንቴስን 18 ሜትር ሊሞላ ጥቂት በቀረው ሥዕል ተረከ። ሥዕሉ የተሠራው ካታጉዋዜስ ለሚገኝ ትምህርት ቤት ነበር፤ ዛሬ ሳኦ ፓውሎ በላቲን አሜሪካ መታሰቢያ ነው። በ1950 ዋርሶ ላይ የሰላም ንቅናቄው የወርቅ ሜዳሊያ ሸለመው።

ከሁሉ የከበደው ነቀፌታ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው፤ የመጣውም ከግራ በኩል ነው። ማሪዮ ፔድሮዛ በ1942 የዋሽንግተን ሥዕሎችን አድንቆ ስለ ሠዓሊው እድገት ረጅም ጽሑፍ ጽፎ ነበር። ትሮትስኪስት ነው፣ በቫርጋስ ዘመን በስደት የኖረ ነው፤ ስለዚህ ነቀፌታውን የቀኝ ክንፍ ጥላቻ ነው ብሎ ማጣጣል አይቻልም። በ1949 በ«ቲራደንቴስ» ላይ የጻፈው ሒስ ትረካው ሥዕሉን እንደዋጠው ያሳያል። ትክክል ይመስለኛል። ሥዕሉ የሚያውቁትን ታሪክ በቅደም ተከተል ያስነብባል፤ ድንገት የሚያስደነግጥ ቦታ ግን ጥቂት ነው። የመንግሥት ትእዛዝ ካስከተለው ዝምታ ይልቅ የፓርቲው መድረክ የሚጠብቀው ግልጽነት ፖርቲናሪን ጎድቶታል ማለት ይቻላል። ይህን የሚደፍሩ የፖርቲናሪ ወዳጆች ጥቂት ናቸው።

በ1951 የመጀመሪያው የሳኦ ፓውሎ ቢየናሌ ተከፈተ፤ የስዊዘርላንዱ ማክስ ቢል በቅርጻ ቅርጽ ተሸለመ፤ በዓመቱ «ሩፕቱራ» የተባለው ቡድን ከገላጭ ሥዕል ጋር መለያየቱን በአዋጅ አስታወቀ። ፔድሮዛም የረቂቅ ሥዕል ዋና ጠበቃ ሆነ። ለአዲሱ ትውልድ ፖርቲናሪ ያለፈ ዘመን ሰው ነበር። ይህ ፍርድ ለሦስት ዐሥርት ዓመታት ያህል በብራዚል የሥነ ጥበብ ክፍሎች ውስጥ ሳይመረመር ሲደጋገም ኖሯል።

በ1952 ግን ብራዚል ለተባበሩት መንግሥታት አዲስ ዋና መሥሪያ ቤት የምትሰጠውን ስጦታ እንዲሠራ ታዘዘ፤ «ጦርነት» እና «ሰላም»። እያንዳንዱ 14 ሜትር በ10 ሜትር ያህል ነው። በ28 ጣውላ ላይ በዘይት ቀለም ተሠርተዋል። ረዳቱ ኤንሪኮ ቢያንኮ አብሮት ነበር። በ1954 ሐኪሞች ቀለሙ ውስጥ ያለው ሊድ የተባለ ብረት ደሙን እንደመረዘው ነግረው የዘይት ቀለም እንዲያቆም አስጠነቀቁት። አላቆመም። ሥራው በ1956 ሲያልቅ በሪዮ የማዘጋጃ ቤት ቲያትር ለሕዝብ ታየ። በ«ጦርነት» ውስጥ አውሮፕላን የለም፣ ታንክ የለም፣ የደንብ ልብስ የለበሰ ወታደር የለም። ያለው የሞተ ልጃቸውን ታቅፈው የተደፉ እናቶች ናቸው፤ ያው የ1944ቱ ሐዘን በሰማያዊ ተደጋግሞ። በዮሐንስ ራእይ ያሉት ፈረሰኞችም በመካከላቸው ይጋልባሉ። «ሰላም» በወርቃማ ቀለም የብሮዶውስኪ ልጆች የሚጫወቱበት ነው። ሁለተኛውን ቀለል ያለ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ የልጆቹን ጨዋታ አልንቅም፣ ግን «ጦርነት» እንደሚበልጥ ግልጽ ነው።

ሥዕሎቹ በኒው ዮርክ የተመረቁት በሴፕቴምበር 6 ቀን 1957 ሲሆን ሠዓሊው አልተገኘም። የ1952ቱ የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ኮሙኒስቶችን ይከለክል ስለነበር ቪዛ አላገኘም። በ1941 በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ግድግዳ እንዲስል የጋበዘችው አገር ከ16 ዓመት በኋላ የሠራውን ሲመረቅ እንዲያይ አልፈቀደችም። ሥዕሎቹ የተሰቀሉት ለጠቅላላ ጉባኤ በሚገቡ ልዑካን መግቢያ ላይ ነው። የኢትዮጵያን ጨምሮ የየአገሩ ልዑካን ሲገቡ «ጦርነት»ን፣ ሲወጡ «ሰላም»ን ያያሉ፤ ተራ ጎብኚ ግን እዚያ ቦታ በቀላሉ አይደርስም። ሕንፃው ሲታደስ ሥዕሎቹ ወርደው በ2010 መጨረሻ በሪዮ፣ በ2012 በሳኦ ፓውሎ፣ በ2014 በፓሪስ ለሕዝብ ከታዩ በኋላ በ2015 ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት አጭር ናቸው። ዘይት ቀለም ሲከለከል ባለቀለም እርሳስ አንሥቶ የዶን ኪሆቴን ሥዕሎች ሠራ፤ እነዚህ ካለፉት ሥራዎቹ ሁሉ ቀልድ ያላቸው ብቸኞቹ ናቸው፤ ከሞተ በኋላ በድሩሞንድ ግጥሞች ታጅበው ታትመዋል። ግጥም መጻፍም ጀመረ። በ1960 የተወለደችውን የልጅ ልጁን ደጋግሞ ይስላት ነበር። ሚላን ላይ ለሚደረግ ትልቅ ዐውደ ርእይ እየተዘጋጀ ሳለ ወደ ዘይት ቀለሙ ተመለሰ፤ በፌብሩዋሪ 6 ቀን 1962 በ58 ዓመቱ የሊድ መመረዝ ገደለው።

ሞቱን ተከትሎ የመጣው የዕውቀት ክፍተት ከሂሶቹ ሁሉ ይበልጥ ክርክሩን አደናቅፏል። የት ምን እንዳለ የሚያውቅ አልነበረም። በ1979 ልጁ ዡዋው ካንዲዶ፣ በሙያው የሒሳብ ሊቅ፣ በሪዮ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ የፖርቲናሪ ፕሮጀክትን መሠረተ፤ ከ25 ዓመት ፍለጋ በኋላ በ2004 5,000 ያህል ሥራዎችን የያዘ ሙሉ መዝገብ በአምስት ቅጽ ታተመ። የታሪክ ምሁሯ አናቴሬዛ ፋብሪስ በ1990 ባሳተመችው ጥናት የፖርቲናሪን ሠራተኛ ከመንግሥት ፕሮፓጋንዳ ለይታ አንብባዋለች፤ ጥቁሩ ሠራተኛ የሥዕሉ ባለቤት መሆኑ ራሱ ለዚያ ዘመን ኦፊሴላዊ ምስል እንግዳ እንደሆነ ስታሳይ ክርክሩን ከመዝገብ ወደ ሸራ መለሰችው። እኔም የምከተላት በዚህ ነው፤ የምለይባት ቢኖር ሥዕሉ ውስጥ የሌለውንም ለመቁጠር መፈለጌ ነው።

አንድ የሥራው ክፍል ግን እስከ ዛሬ በሁለቱም ወገኖች ተዘልሏል፤ ምስለ ገፆቹ። ፖርቲናሪ ኑሮውን ያቆመው በመቶ በሚቆጠሩ የሀብታሞች፣ የደራስያን፣ የዲፕሎማቶችና የእመቤቶች ምስሎች ነው። የመንግሥት ሠዓሊ የሚሉት እነዚህን አያዩም፣ ምክንያቱም የገዛቸው መንግሥት አይደለም፤ የድሃው ሠዓሊ የሚሉትም አያዩም፣ ምክንያቱም አያምርባቸውም። እንደ ማሪዮ ዴ አንድራዴው ያሉት ጥቂቶች በጣም ጥሩ ሥዕሎች ናቸው፤ ብዙዎቹ ደግሞ ለከፈለው ሰው የተሠሩ ጨዋ ሥራዎች ናቸው፤ በ1928 ሽልማት ያገኘው እጅ እንዳልጠፋ ያሳያሉ። ከ5,000ዎቹ ሥራዎች አብዛኞቹ አሁንም በግል ቤቶችና በኩባንያ ቢሮዎች ውስጥ ስለሆኑ፣ የቡና ተሸካሚው ፊት ለምን እንደተጋረደ፣ የባለቤቱ ፊት ግን በጥንቃቄ እንደተሣለ ማነጻጸር የሚፈልግ ተመራማሪ ሥራውን የሚጀምረው የሰው ሳሎን በር በማንኳኳት ነው።